ከበርሜል የሚወርድ ላምባ ልክ

ልክን ማወቅ ለነጋዴም፥ ለጎተራ ጠባቂም፥ ለቤት እመቤትም የሚጠቅም ትምህርት ነው። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ቁናው ልከኛ ከሆነ ጠዋት የተሰፈረውና ማታ የተሰፈረው አንድ ነው። ፈሳሽ ነገር ግን ጠባዩ ልዩ ነው። ከበርሜል በቧንቧ ሲወርድ፥ በመጀመሪያ እንደ ወረደ እስከ ፍጻሜው አይወርድም። ይህን ባለማወቅ ሰው ባልንጀራውን ይጠረጥራል፤ ንጹሑም በሌብነት ይከሰሳል። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ የአፈሳሰስን ሕግ ሊያውቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ የፍሰት ልክ ምን ማለት ነው?

የፍሰት ልክ ማለት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከቧንቧ የሚወርደው የፈሳሽ ብዛት ነው። ይህንም ለማግኘት የወረደውን ሊትር፥ ለመውረድ በፈጀው ደቂቃ ማካፈል ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በ2 ደቂቃ ቢሞላ፥ የፍሰቱ ልክ በደቂቃ 5 ሊትር ነው ይባላል። ነገር ግን ይህ ልክ ለእነዚያ ለ2 ደቂቃዎች ብቻ ነው እንጂ ለሚቀጥሉት አያገለግልም።

2ኛ፤ ምሳሌ

በየካ ክፍለ ከተማ በሾላ ገበያ አንድ ባለሱቅ ነበረ እንበል። በሱቁም ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ፥ ከታች ቧንቧ ያለው በርሜል አለ፤ የተጨመረበትም ላምባ 160 ሊትር ነው። ባለሱቁ ቧንቧውን ከፍቶ በ10 ደቂቃ 7 ጀሪካን ሞላ፤ እያንዳንዱም ጀሪካን 10 ሊትር ነው። ከዚህ በኋላ ለሠራተኛው ልጅ ትቶለት ወጣ። ልጁም በሚቀጥለው 10 ደቂቃ 5 ጀሪካን ሞላ። ባለሱቁ በተመለሰ ጊዜ ቈጥሮ ተቈጣ፤ «በዚያው ሰዓት እኔ 7 ሞላሁ፤ አንተ 5 ብቻ አሳየኸኝ። ሁለቱን ወዴት አደረስኻቸው?» አለው። ልጁም «ጋሼ፥ ከቧንቧው የወረደው ይኸው ነው፤ አንዲት ጠብታ አልሰወርሁም» ብሎ መለሰ።

በዚህ ጊዜ ስፍር የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ መጣና፥ «ሰዓቱን ተዉት፤ የቀረውን ስፈሩ» አለ። የቀረው በተሰፈረ ጊዜ 40 ሊትር ተገኘ። ባለሱቁ የሞላው 70፥ ልጁ የሞላው 50፥ የቀረው 40፤ ድምሩ 160 ሊትር ሆነ። ምንም አልጐደለም። ጥርጣሬው ከሰዓት መጣ፤ እውነቱ ግን ከስፍር ተገኘ።

3ኛ፤ ምክንያቱ

ፈሳሽን ወደ ውጭ የሚገፋው ከቧንቧው አፍ በላይ ያለው የራሱ ክብደት ነው። በርሜሉ ሲሞላ ከላይ ያለው ከፍታ ብዙ ስለ ሆነ በኀይል ይወርዳል፤ ከፍታው ሲቀንስ ኀይሉም ይደክማል። ይህን ሕግ ኢጣልያዊው ሊቅ ቶሪቼሊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1644 ዓ.ም በመጽሐፍ ገልጦታል። ሕጉም፥ ከፍታው ወደ ሩብ ሲወርድ የአወራረዱ ፍጥነት ወደ ግማሽ ይወርዳል የሚል ነው። የአወራረዱ ፍጥነት በግማሽ እንዲቀንስ፥ ከፍታው ሩብ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከላይ የተነገረው በርሜል እስኪያልቅ ድረስ ቢተው እንዲህ ይሆናል፤

በመጀመሪያው 10 ደቂቃ 70 ሊትር፤
በሁለተኛው 10 ደቂቃ 50 ሊትር፤
በሦስተኛው 10 ደቂቃ 30 ሊትር፤
በአራተኛው 10 ደቂቃ 10 ሊትር።

ቍጥሮቹ 7፥ 5፥ 3፥ 1 እያሉ መውረዳቸውን ተማሪው ይመልከት። በጠቅላላው ጊዜ እኩሌታ፥ ማለት በ20 ደቂቃ፥ ከ4 እጅ 3ቱ እጅ ይወርዳል፤ የቀረው አንድ እጅ ደግሞ ሌላውን 20 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ስሌት እንደ ውሃና እንደ ላምባ ላለ ቀጭን ፈሳሽ፥ ቧንቧውም አጭር ሲሆን፥ ለእውነት በጣም የቀረበ ነው።

4ኛ፤ ከፍታ የሚቈጠረው ከየት ነው?

አንዳንድ ሰው «የእንጦጦ ተራራ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ እዚያ የተቀመጠ በርሜል ከሾላው ይልቅ ይፈጥናል» ይል ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ ነገር ግን በርሜሉ ከላይ ክፍት ከሆነ አየር ላይኛውን ፊትና የቧንቧውን አፍ እኩል ስለሚጫን፥ የተራራው ከፍታ ምንም አይጨምርም። የሚቈጠረው ከቧንቧው አፍ እስከ ፈሳሹ ፊት ያለው ብቻ ነው።

የተራራው ከፍታ የሚጠቅመው ምንጩና የቧንቧው አፍ በአንድ መስመር የተያያዙ ሲሆኑ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም፥ በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን፥ ስዊሳዊው ሙሴ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃን በቧንቧ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውሃው ወደ ቈላው ወርዶ እንደገና ወደ ኮረብታው መውጣት የቻለው፥ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስለ ነበረ ነው። የበርሜሉም ሕግ ይኸው ነው።

5ኛ፤ ፍሰትን የሚለውጡ ሌሎች ነገሮች

የቧንቧው አፍ ስፋት። የአፉ ውስጣዊ ወርድ እጥፍ ቢሆን፥ የሚወርደው እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ያህል ነው።

የፈሳሹ ውፍረት። የኑግ ዘይት ከላምባ ይወፍራል፤ በእንጦጦ ብርድ በማለዳ ደግሞ የበለጠ ይወፍርና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፀሐይ ሲሞቀው ይቀጥናል።

የአየር መግቢያ። የበርሜሉ የላይ ክዳን ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ፥ በወጣው ፈሳሽ ፈንታ አየር መግባት አይችልም፤ ፍሰቱም እየተንተገተገ ይደክማል፥ ይቆማልም። ስለዚህ በሚቀዳበት ጊዜ የላይኛውን ክዳን ማላላት ይገባል።

6ኛ፤ በትምህርት ቤት የሚደረግ ፈተና

ጎኑ ቀጥ ያለ ረጅም ጣሳ ተፈልጎ በግርጌው ዳር በምስማር ይበሳ። ከቀዳዳው ወደ ላይ ያለው ቁመት በ4 እኩል ተከፍሎ ምልክት ይደረግበት። ቀዳዳው በጣት ተዘግቶ ውሃ ይሞላ፤ ከዚያም ጣት ይነሣ። ውሃው ከላይ እስከ ታችኛው ምልክት ለመውረድ የፈጀው ጊዜና፥ ከዚያ እስከ ቀዳዳው የፈጀው ጊዜ በሰዓት ይታይ። ሁለቱ ጊዜያት ተቀራራቢ ሆነው ይገኛሉ።

ይህ ፈተና በውሃ እንጂ በላምባ ከቶ አይደረግ። ላምባ ባለበት ዘንድ እሳትና ኩራዝ አይቅረብ፤ በጐማ ቱቦም ለመሳብ በአፍ መምጠጥ ሳንባን ስለሚጐዳና ስለሚገድል የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ነጋዴ በስፍር ይስፈር፥ በሰዓት አይስፈር። ፍሰቱ ቀነሰ ብሎ ሰውን ከመክሰሱ በፊት፥ በበርሜሉ የቀረውን ይለካ።

ጥያቄዎች

1. አንድ ጀሪካን 10 ሊትር ይይዛል፤ በ4 ደቂቃም ሞላ። የፍሰቱ ልክ ስንት ነው?
2. 80 ሊትር ውሃ ያለበት ቀጥ ያለ በርሜል በ40 ደቂቃ ያልቃል። በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ስንት ሊትር ይወርዳል?
3. ባለሱቁ ልጁን የጠረጠረው በምን ምክንያት ነው? ምን ቢያደርግ ይሻለው ነበር?