መንገድ ዳር የሚያድርን መኪና ከአይጥ መጠበቅ

መግቢያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የመኪና መንገድ ከሁሉም ቀበሌ አይደርስም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ ከሚሄደው ዋና መንገድ፣ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስና ወደ ወገዳ ከሚወስዱት መንገዶች ወጣ ሲባል፣ መኪናን ከመንገዱ ጫፍ አቁሞ በእግር ወይም በበቅሎ መቀጠል የተለመደ ነው። የግብርና ባለሙያው፣ እህል ጫኙ፣ ወደ ጉና ተራራ የሚወጣው እንግዳ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። መኪናው እዚያው ሁለት ሦስት ሌሊት ያድራል። ከሌባ እንዲጠበቅ ዘበኛ ይቀጠርለታል፤ ከአይጥ የሚጠብቀው ግን የለም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞች፣ ለሾፌሮች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና መኪና በግቢያቸው ለሚያሳድሩ ገበሬዎች ነው። የተጻፈው ምክር ለሞተር ብስክሌት፣ ለትራክተርና ለውሃ ፓምፕም ያገለግላል።

እኛ የደረሰብን

አንድ ጊዜ በኅዳር ወር መኪናችንን ከአንድ አውድማ አጠገብ አቁመን አምስት ሌሊት በየቀበሌው ቆየን። በመጀመሪያው ቀን ያጨድነውን የገብስ ናሙና በጆንያ አስረን ከመኪናው ውስጥ ትተነው ነበር። ስንመለስ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያስነሳ ፍሬኑን ቢረግጠው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ከፊት ጎማው በስተውስጥ እርጥበት ታየ፤ የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ ተበስቶ ዘይቱ ፈስሷል።

በመጀመሪያ የጠረጠርነው መኪናውን ሲጠብቅ የሰነበተውን ልጅ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ግን በባትሪው ሥር የገለባ ጎጆ፣ የተላጠ ሽቦና የአይጥ ኩስ ተገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ሆነ፤ ልጁን ይቅርታ ጠየቅን። ጥፋቱ የእኛ ነበር። አውድማ አጠገብ ያቆምን፣ እህልም ውስጡ የተውን እኛ ነን። ፍሬኑ ሳይፈተሽ ቁልቁለቱን ጀምረን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በቱቦ ብቻ አያበቃም ነበር።

አይጥ ወደ መኪና የምትገባበት ምክንያት

1. ሙቀትና መጠለያ፤ በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ ሌሊቱ ብርድና ውርጭ ነው። ተነድቶ የቆመ ሞተር ደግሞ ለሰዓታት ይሞቃል። ከኮፈኑ ሥር ያለው ጨለማም ከጭልፊት፣ ከጉጉትና ከድመት ይሰውራታል።

2. ምግብ፤ ከጆንያ የተንጠባጠበ እህል፣ የዳቦ ፍርፋሪና ቆሎ ይጠሯታል።

3. ጥርስ፤ የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ። ስለሆነም የማትበላውን ነገር እንኳ ትቀረጥፋለች። የሽቦ ልባስ፣ የላስቲክ ቱቦ፣ ቺንጋና የመቀመጫ ስፖንጅ ለጥርሷ ምቹ ናቸው።

4. ወቅት፤ በክረምቱ የተራባችው አይጥ በመኸር ጊዜ ብዛቷ ይጨምራል። አዝመራው ታጭዶ ማሳው ሲራቆት ወደ ክምር፣ ወደ ጎተራና ወደ ቤት ትሸሻለች። በክምር አጠገብ የቆመ መኪናም ለእርሷ እንደ አንድ ቤት ነው። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች እንስሳትም አሉ። ጃርት አጥንት ሳይቀር የምትቀረጥፍ እንስሳ ናት። ጅብ ደግሞ የሥጋና የቆዳ ሽታ ይስበዋል፤ በመሆኑም ሥጋ፣ ቆዳ ወይም የበቅሎ ኮርቻ በክፍት መኪና ላይ ማሳደር አይገባም።

የመከላከያ ዘዴዎች

ሀ) የማቆሚያ ቦታ መምረጥ፤ መኪናው ከክምር፣ ከአውድማ፣ ከጎተራ፣ ከድንጋይ ካብና ከቁጥቋጦ ራቅ ብሎ ይቁም። በዙሪያው ቢያንስ 3 ሜትር ያህል መሬት ተጠርጎ ሣሩ ይታጨድ። አይጥ መሸሸጊያ በሌለው ገላጣ መሬት ላይ መሄድ አትወድም።

ለ) ምግብ ማስወገድ፤ መኪናው ከመቆሙ በፊት ወለሉና የጭነት ቦታው ይጠረግ። እህል፣ ዘርና ስንቅ ውስጡ አይደር።

ሐ) ኮፈን ከፍቶ ማሳደር፤ ዘበኛ ባለበትና ዝናብ በሌለበት ወቅት ኮፈኑን ከፍቶ ማሳደር ጨለማውንና ሙቀቱን ያስቀራል። ይህ ወጪ የሌለው ዘዴ ነው።

መ) ቀዳዳ መድፈን፤ ትንሽ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ታልፋለች። የአየር ማስገቢያ አፎች ዓይኑ ከዚህ በጠበበ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይሸፈኑ። ሥራው የአየሩን መተላለፊያ እንዳይዘጋና ወንፊቱ ከሚዞር ወይም ከሚግል ክፍል እንዳይነካ በመካኒክ ይሠራ።

ሠ) ወጥመድ፤ ወጥመዱ በግድግዳና በአጥር ሥር፣ አይጥ በምትመላለስበት መስመር ይጠመድ። ሕፃናትና ዶሮዎች እንዳይጎዱ አይጥ ብቻ በምታስገባ ሣጥን ውስጥ ማኖር ይበጃል። በየማለዳው ይታይ።

በካሊፎርኒያ ሚኒራል ኪንግ በሚባል ተራራማ ሸለቆ ማርሞት የተባለ ድመት የሚያህል ቆርጣሚ እንስሳ የመኪና ቱቦና ሽቦ ስለሚበላ፣ ጎብኚዎች መኪናቸውን ከሥሩ ጀምረው በሸራ ይጠቀልላሉ። ይህ ዘዴ ለእኛ አገር አይጥ አይበጅም። አይጥ ሸራውን ቀድዳ ትገባለች፤ ሸራውም ጨለማ ይጨምርላታል።

መደረግ የሌለበት

መርዝ በሞተር ላይ ወይም በመኪና ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል መሆን አለበት። ዚንክ ፎስፋይድን የመሰለ መርዝ ሰውንም ይገድላል። መርዝ የበላችን አይጥ የሚበሉ ድመት፣ ጉጉትና ቀበሮም ሊሞቱ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ያለ ደመወዝ አይጥ የሚጠብቁልን ናቸው። ናፍታሊንና በርበሬም አያስተማምኑም። ሽታቸው ቶሎ ይጠፋል፤ የናፍታሊን ሽታም በተዘጋ መኪና ውስጥ ለተሳፋሪ ጎጂ ነው።

ከመነሳት በፊት የሚደረግ ምርመራ

መኪናው አንድ ሌሊት እንኳ ቢያድር የሚከተለው በተራ ይፈጸም፤ ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይወስድም።

1. ከመኪናው ሥርና ከጎማዎቹ በስተውስጥ የፈሰሰ ዘይት፣ ነዳጅ ወይም ውሃ መኖሩን ማየት።

2. ኮፈኑን ከፍቶ ጎጆ፣ ኩስ፣ የተላጠ ሽቦ ወይም የተበላ ቱቦ መፈለግ። የአየር ማጣሪያውም ይታይ።

3. ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬኑን ደጋግሞ ረግጦ ሲጠነክር ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ከወረደ ዘይት ይፈሳል ማለት ነው። በአየር በሚሠራ ፍሬን የአየሩ መጠን ከሞላ በኋላ የማፏጨት ድምፅ መኖሩን ማዳመጥ።

4. የነዳጅ ሽታ ካለ ወይም ሽቦ ከተላጠ ሞተሩን አለማስነሳት፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። የሚቻል ከሆነ የባትሪው ሽቦ ይፈታ።

5. ጎጆና ኩስ ሲጸዳ በደረቁ አለመጥረግ። የአይጥ ሽንትና ኩስ በሽታ ያስተላልፋል። ጓንት አጥልቆ፣ በውሃ የተበረዘ በረኪና አርከፍክፎ፣ ጥቂት ከቆየ በኋላ በጨርቅ ማንሳትና እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል።

ማጠቃለያ

የተበላ ቱቦ በጨርቅና በፕላስተር ታስሮ ቁልቁለት አይወረድም። መካኒክ እስኪመጣ ሁለት ቀን መቆየት ያስመርራል፤ ገደል ከመግባት ግን ይሻላል። እኛ ያን ጊዜ በበቅሎ መልእክተኛ ልከን ሁለት ቀን ቆይተናል። ከዚያ ወዲህ ቦታውን ሳንጠርግ አናቆምም፤ ፍሬኑን ሳንፈትሽም አንነሳም። አንባቢዎቻችንም ይህንኑ ልማድ እንዲያደርጉትና ለሾፌሮቻቸውና ለዘበኞቻቸው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።