«ሴት ያሳደገው»፦ ስድብን መንጠቅ የሚችለው ማን ነው?

በንፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ገበያ፣ በአዲስ አበባም ታክሲ ውስጥ፣ አንድ ወጣት ሥርዐት ሲያጓድል ከሚወረወሩበት ስድቦች አንዱ «ሴት ያሳደገው» የሚለው ነው። አባት ሳይቆጣው በእናቱ እጅ አደገ፣ ስለዚህ ስድ ነው ማለት ነው። ይህች አጭር ሐረግ አንድ ከባድ ጥያቄ ለመመርመር ትረዳናለች። ሴትን የሚያዋርድ ቃል ወደ ክብር ሊዞር ይችላል ወይ? ከቻለስ የማዞር መብቱ የማን ነው? ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ደረጃ በደረጃ እናየዋለን፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው በትዕግሥት መከተል ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስድቡ ማንን እንደሚመታ ይመልከቱ። ፊት ለፊት የሚሰደበው ልጁ ነው። የነውሩ ምክንያት ተደርጋ የቀረበችው ግን እናቱ ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ በቦታው የለችም። ልጁ ነገ ጠባዩን ቢያርም ከስድቡ ሊወጣ ይችላል፣ «ጨዋ ልጅ» ይባላል። እናቱ የምታርመው ነገር የለም፤ የተወቀሰችው ሴት በመሆኗ ነውና። ስለዚህ ይህ ስድብ ሁለት ሰዎችን ይመታል፣ የሁለቱም ቁስል የተለያየ ነው። ይህን ልዩነት ይያዙት፤ ኋላ ላይ መልሱ ከዚህ ይወጣል።

ቀጥሎ፣ ስድብ ስለ አንድ ሰው እውነት ለመንገር የሚባል ነገር አለመሆኑን እናስተውል። ለዚህ ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም እንሂድ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ታላቁ የዜማ መጽሐፍ ነው፤ ማስመስከር ማለት ደግሞ በሌላ ቦታ የተማረ ሰው ጭምር ወደዚያ መጥቶ፣ ዕውቀቱን በመምህራኑ ፊት አስፈትኖ፣ ለማስተማር የሚያበቃውን ምስክርነት መቀበል ነው። ወደዚህ ትምህርት የሚገባው የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለት ነው። ቁራሹን አኮፋዳው ውስጥ የምትጨምርለት አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። እንግዲህ ብዙ የዜማ ሊቃውንት በሴት ስም ለምነው፣ ከሴት እጅ በልተው ያደጉ ናቸው። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ሐረግ በቀጥታ ትርጉሙ ይስማማቸዋል። ይሁንና ሊቁን በዚህ የሚሰድብ የለም፤ በዚያው አካባቢ ግን የመበለቲቱ ልጅ ይሰደብበታል። እውነታው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ጋ ክብር፣ ሌላው ጋ ነውር የሆነው፣ ስድብ ሥራው ሰውን በደረጃ ማስቀመጥ ስለሆነ ነው።

ደረጃውን ያወጣው ማን ነው? እዚህ ላይ «ሴት ጠልነት» የሚለውን ቃል እናስተዋውቅ። ብዙ ሰው ሴት ጠልነት ሲባል ሴቶችን በልቡ የሚጠላ ሰው ይታየዋል። «እኔ እናቴን እወዳለሁ፣ እንዴት ሴት ጠል እባላለሁ?» የሚለው ክርክርም ከዚህ ይመጣል። ነገሩን ይበልጥ የሚያብራራው ግን ሴት ጠልነትን እንደ ልማድ ማየት ነው፦ ለሴት አንድ ቦታ ይመደባል፣ ከዚያ ቦታ የወጣችዋ ትቀጣለች። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለው ተረት ቦታውን ይመድባል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ደግሞ ዕውቀቷ ያለ ወንድ ፍጻሜ እንደሌለው ይናገራል። ባል ሳይኖራት ቤት የምታስተዳድር እናት ከተመደበላት ቦታ ወጥታለች፤ ቅጣቱ በልጇ በኩል ይደርሳታል።

በደጋው ገበሬ ዘንድ ይህ ቅጣት የኑሮ መሠረት ነበረው። በጎጃምና በበጌምድር የርስት ሥርዐት መሬት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበር። ሴት ባለርስት ልትሆን ትችል ነበር፣ ልጇም በእሷ የትውልድ ሐረግ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። በሬ ጠምዶ ማረስ ግን የወንድ ሥራ ነው ተብሎ ተወስኗል። ስለዚህ ወንድ የሌላት ባለርስት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ትካፈል ነበር፣ በሙግትም የሚቆምላት ወንድ ዘመድ ትፈልግ ነበር። ቤቷ የጎደለው ልማዱ እጇን ስለያዘው ነው፤ ስድቡ ግን ጉድለቱን የእሷ አድርጎ ይቆጥረዋል። በእናቱ በኩል ርስት ይወርስ የነበረው ልጅ በእናቱ በማደጉ መሰደቡ የዚህን ፍርድ መዛባት በደንብ ያሳያል።

ልማዱ ከተረት ባሻገር በሰዋስው ውስጥም ይኖራል። በአማርኛ የቅርብ ሰውን ስናናግር «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ግዴታችን ነው። እናት ትንሽ ልጇን «አንቺ» ብትለው ፍቅር ነው፤ ጠበኛ ጎልማሳውን «አንቺ» ቢለው ግን ጠብ ያነሣል። በአንጻሩ ወደ ማክበር ስንወጣ ጾታ ይጠፋል፦ «አንቱ»፣ «እርስዎ»፣ «እሳቸው» ለወንድም ለሴትም እኩል ናቸው። ሴትነት ከፍ ባለው ንግግር አይታይም፣ ዝቅ ባለው ንግግር ደግሞ መሣሪያ ይሆናል። ምስጋናውም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ሴት ጎበዝ ስትሆን «እንደ ወንድ ናት» ትባላለች፤ ወንድ ሲፈራ «ሴት አትሁን» ይባላል። የጎጃሟ ዐይነ ሥውር የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ብዙ ወንድ ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል። እንዲህ ያሉ ሊቅ «ከወንድ የማይተናነሱ» ተብለው ሲመሰገኑ፣ ምስጋናው እሳቸውን ከሴቶች ነጥሎ ያወጣል፣ ሌሎቹን ሴቶች ግን በነበሩበት ይተዋል።

አሁን ወደ መልሱ መንገድ እንግባ። የተሰደበ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ለዚህ ከበጌምድር ታሪክ አንድ የታወቀ ትረካ እንውሰድ። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ተቸግረው ጎንደር ላይ ኮሶ ይሸጡ እንደነበር ይነገራል። በ1839 ዓ.ም. አካባቢ ካሣ በጊዜው ገዥ በነበሩት በእቴጌ መነን ላይ ሲሸፍቱ፣ ከእቴጌይቱ ወገን የዘመቱት ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጪዋን ልጅ ይዘው እንደሚመጡ ፎከሩ። ካሣ ግን ድል ነሥተው ወንድይራድን ማረኩ፣ ኮሶም አጠጧቸው ተብሎ ይተረካል። ኮሶ ጥሬ ሥጋ ከሚበላ ሰው ሆድ ትል የሚያስወጣ መድኃኒት መሆኑን ያስታውሱ፤ መኳንንቱም በየጊዜው ይጠጡት ነበር። የተናቀው ሥራ የናቂዎቹን ሆድ የሚያድን ሥራ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ስድብ ሦስት ዓይነት መልስ አለ። አንደኛው መካድ ነው፦ «እናቴ ኮሶ ሻጭ አይደለችም» ማለት። ይህ የተሰደበውን ሰው ያወጣዋል፣ ኮሶ መሸጥ ውርደት መሆኑን ግን ያጸድቃል። ሁለተኛው መበቀል ነው፦ ተሳዳቢውን ማሳፈር ወይም መቅጣት። አፉ ይዘጋል፣ የቃሉ ዋጋ ግን አይለወጥም። ሦስተኛውን ስድብን መንጠቅ እንበለው፦ የተሰደበው ሰው ቃሉን ከተሳዳቢው እጅ ወስዶ፣ «አዎን፣ ነኝ፤ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ በራሱ ላይ በክብር ሲያኖረው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚለወጠው የቃሉ ዋጋ ነው።

የካሣ መልስ ከሁለተኛው ወገን ነው። ኮሶው መቅጫ ስለሆነ፣ ኮሶ ሻጭነት ያው ነውር እንደሆነ ቀረ። ደግሞም በዚህ ትረካ የልጁ ክብር ይመለሳል፣ ወይዘሮ አትጠገብ ግን አይናገሩም። ልጁ በእሱ ላይ ያረፈውን ጣለ፣ የእናቱ ግን እዚያው ቆየ።

ሦስተኛውን መልስ ለማየት ወደ እቴጌ ጣይቱ ብጡል እንምጣ። በ1883 ዓ.ም. የኢጣልያ መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ይዞ ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ናት ብሎ ሲከራከር፣ እቴጌይቱ ሴት መሆናቸውን፣ ጦርነትም እንደማይወዱ፣ ነገር ግን ያንን ከመቀበል ጦርነቱን እንደሚመርጡ ነገሩት። «ሴት ብሆንም» አላሉም፤ ከወንድ ጋርም ራሳቸውን አላወዳደሩም። በዘመኑ የድካም ምልክት የነበረውን ቃል መጀመሪያ አስቀምጠው፣ እምቢታቸውን በላዩ አቆሙት። ጦርነትን የማትወድ ሴት ጦርነትን ከመረጠች፣ የቀረበላት ነገር ምን ያህል የማይቻል እንደሆነ ሰሚው ይገባዋል። ቃሉ በእሳቸው ላይ የሚያርፍ ስለነበረ ሊያነሡት ቻሉ። ያንኑ ዐረፍተ ነገር አንድ የጦር አለቃ ስለ እሳቸው ቢናገረው ኖሮ እንደ ንቀት ወይም እንደ ይቅርታ ልመና በተሰማ ነበር።

ታዲያ መብቱ የሴቶች ሁሉ ነው ብለን እንዝጋው? አይቻልም፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ሴት መሆን ብቻ በሌላዋ ሴት ላይ የወደቀን ቃል ባለቤት አያደርግም። በካሣ ታሪክ ስድቡ የተሰነዘረው ከእቴጌ መነን ሰፈር ነበር፤ ሴት ገዥ በነበረችበት ሰፈር ድኻዋ ሴት በሥራዋ ተዋረደች። ሁለተኛው፣ ቃሉ በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም። እቴጌ ጣይቱ ከኋላቸው ዙፋን ነበረ፤ ያንኑ ድፍረት ገረዳቸው ብትሞክረው የሚጠብቃት ሌላ ነው።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ በሌላው ዓለምም በግልጽ ታይቷል። በፈረንጆች 2011 ጥር ወር በካናዳ ቶሮንቶ አንድ ፖሊስ ሴቶች እንዳይደፈሩ እንደ ጋለሞታ መልበስ እንዲተዉ ተናገረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሴቶች ያንኑ የስድብ ቃል የሰልፋቸው ስም አድርገው ወጡ፤ ሰልፉም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። በመስከረም ግን ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። በባርነት ዘመን የጥቁር ሴት ገላ ለማንም የተፈቀደ ተደርጎ ስለኖረ፣ ያ ቃል በእነሱ ላይ ሲያርፍ ሌላ ታሪክ ይዞ ነው፤ በጨዋታ ልንለብሰው አንችልም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ሴቶች ናቸው። አንዷ ለብሳው ማታ ወደ ቤቷ በደኅና የምትገባበት ቃል፣ ሌላዋን መንገድ ላይ ሊያስደበድባት ይችላል። እኛም ዘንድ «ሸርሙጣ» የሚለው ቃል እንዲህ ነው። የቅርብ ጓደኛሞች በራቸውን ዘግተው በሳቅ ቢጠራሩበት፣ የሚስማሙት እዚያ ያሉት ብቻ ናቸው። ያንን የሰማ ወንድ ጓደኛቸው «እናንተም ትሉታላችሁ» ብሎ ቢጠቀምበት፣ ያልተሰጠውን ፈቃድ ወስዷል። በዚያው ቃል ስም በየሌሊቱ ጎዳና ላይ የምትደበደበዋ ሴትም በሳቁ ውስጥ አልተጠየቀችም።

ከዚህ ሁሉ ሦስት መመዘኛዎች እናወጣለን። አንደኛ፣ ቃሉ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ያልወደቀብንን ቃል መንጠቅ አንችልም። ሁለተኛ፣ ሙከራው ባይሳካ የሚከፍለው ማን ነው? እኔ ተናግሬ ሌላዋ የምትቀጣበት ከሆነ ድፍረቱ በእሷ ሂሳብ ነው። ሦስተኛ፣ ከፍ የሚለው ማን ነው? አንዷን ነጥሎ የሚያወጣ ምስጋና ሌሎቹን ይረግጣል፤ ንጥቂያ የሚባለው ቃሉ የሚጠራቸውን ሁሉ ከፍ ሲያደርግ ነው። ለዚህ በፈረንጆች 2014 በአዲስ አበባ በዶ/ር ስሂን ተፈራና በባልደረቦቻቸው የተጀመረው «ሴታዊት» የተባለው እንቅስቃሴ ስም ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙን ያወጡት ራሳቸው ሴቶች ናቸው፣ የተመሠረተው «ሴት» በሚለው ቃል ላይ ነው፣ ማንንም ሴት ከሌላዋ አይለይም።

አሁን መመዘኛዎቹን በ«ሴት ያሳደገው» ላይ እናውላቸው። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ «አዎን፣ ሴት ያሳደገችኝ ነኝ» ቢል መብት አለው፤ ስድቡ በእሱም ላይ ወድቋልና። መብቱ የሚደርሰው ግን እስከ ራሱ ድርሻ ነው። እናቱ ብቻዋን በማሳደጓ የደረሰባትን ችግር እንደ ጌጥ ሊያወራው ፈልጎ እሷ ዝምታን ከመረጠች፣ ዝምታዋ ይበልጣል። ደግሞም እሷን እያመሰገነ ሚስቱን «ሴት አትሁኚብኝ» የሚል ከሆነ፣ አንዷን ሴት ነጥሎ አወጣ እንጂ ቃሉን አላዞረውም። አባት ያሳደገው ወንድ ደግሞ የሚነጥቀው ነገር የለውም። የእሱ ሥራ ቀላልና ግልጽ ነው፦ ስድቡን አለመወርወር፣ ሲወረወር «ነውሩ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ «እንደ ወንድ» የሚለውን ምስጋና መተው።

በመጨረሻም ቃል ብቻውን እንደማይዞር ልብ ይበሉ። በአማራ ክልል ዛሬ በገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፣ ብቻዋን የምታስተዳድር እናትም በስሟ ደብተር ትይዛለች። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ የተደገፈው እናት ያለ ወንድ ቤት ማቆም አትችልም በሚለው ግምት ላይ ነበር። ደብተሩ፣ ትምህርቱና ሕጉ ይህን ግምት በኑሮ ሲያፈርሱ፣ ሐረጉን በክብር የሚናገሩት እናቶችና ልጆች ደግሞ በአንደበት ያፈርሱታል። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው፤ ደብተር የያዘችው እናት ልጇ በገበያ ሲሰደብባት ከሰማች፣ የጎደለው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው፣ እሱም በእያንዳንዳችን አፍ ላይ ያለ ሥራ ነው።