ጎማው መሬት ሲነካ አጥብቂው

ጋሼ የምላቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እኔ ባለፈው ዓመት የ2008 ሞዴል ቶዮታ ታኮማ ገዛሁ። የቀድሞው ባለቤት 3 ኢንች ያህል ከፍ አድርጎታል። ሲያዩት ያምራል፤ ጉብታ ላይ ሲወጣ ግን ከፊት በኩል ኳ ኳ ይላል፣ ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ መሪው አንድ ቦታ አልረጋ ይላል። ዕቃ አዝዤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ያን ቀን የተነጋገርነውን ነው የጻፍኩት።

እኔ፦ ጋሼ፣ ዕቃው በሙሉ መጥቷል። ሾክ አብዞርበር ከነሞላው፣ የላይኛው ክንድ፣ የታችኛው ክንድ ከነቦኮላው፣ ከመሪው ወደ ጎማው የሚደርሰው ቴስቲና። ከየትኛው እንጀምር?

ጋሼ፦ ከመፍታት አይጀመርም። ቡናሽን ያዢና እዚህ ዝቅ ብለሽ ተመልከቺ። የታችኛው ክንድ እንዴት ነው የቆመው?

እኔ፦ ወደ ጎማው በኩል ቁልቁል ወርዷል።

ጋሼ፦ አየሽ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ አግድም የቀረበ ነበር። መኪና ከፍ ሲደረግ ከፍ የሚለው አካሉ ነው፤ ጎማው ያው መሬት ላይ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ሁሉ ሌት ተቀን ተወጥሮ ይኖራል። ክንዱ፣ ቴስቲናው፣ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል፣ የፍሬኑ ቱቦ ሳይቀር። ኳ ኳ የሚለው ዕቃ አርጅቶ ብቻ አይደለም። ምን እንዳስረጀው ሳናውቅ አዲስ ብንገጥም በዓመቱ እዚሁ እንገናኛለን።

እኔ፦ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሞላው ራስ ላይ የገባውን ብረት ለክቼዋለሁ፣ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። መኪናው ግን ከ7 ሴንቲ በላይ ነው ከፍ ያለው።

ጋሼ፦ ጥሩ አድርገሽ ለክተሻል። ሞላው የሚያርፈው የክንዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ መሃሉ ነው። በር ስትከፍቺ ማጠፊያው አጠገብ ያለው ክፍል ትንሽ ሲሄድ እጀታው ብዙ ይሄድ የለም? ይሄም እንደዚያ ነው። መሃሉን 1 ሴንቲ ስትገፊው ጫፉ ወደ 2 ይሄዳል። ሰው ይህን ሳያውቅ ነው «ትንሽ ልጨምርበት» ብሎ ልኩን የሚያልፈው።

እኔ፦ መሪው የሚዋልለውስ ከዚሁ የተነሳ ነው?

ጋሼ፦ ከዚሁ ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው። እጅሽን ለቀቅ ብታደርጊ እንኳ ጎማው ራሱን ወደ ቀጥታ የሚመልሰው በዚያ ነው። መኪናም ጋ እንደዚያው፣ ከላይኛው መገጣጠሚያ እስከ ታችኛው ብታሰምሪ መስመሩ ወደ ኋላ ያጋድላል። ካስተር ይሉታል። ከፍ ስታደርጊው መስመሩ ቀና ይልና መሪው መመለሻውን ያጣል። ያዘዝሽው የላይኛው ክንድ ከፍ ላለ መኪና ተብሎ የተሠራ ከሆነ መገጣጠሚያውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ያንን ያስተካክላል። የፋብሪካውን ዓይነት ብትገዢ ኖሮ ገንዘብሽን በከንቱ ታወጪ ነበር። ከሞላው ጋርም ይጋጫል፤ ይኸው፣ ቀለሙ የተፋቀበትን ተመልከቺ።

ጣቴን ሰደድኩ። የአሮጌው ክንድ ጠርዝ ሞላውን ሲነካ የኖረበት ቦታ ላይ ቀለሙ ጠፍቶ ብረቱ እንደ ሳንቲም ያበራል። ከአክስሉ የላስቲክ ሽፋን ደግሞ ቅባት ተረጭቶ የቸርኬው ውስጥ ጠቁሯል።

ጋሼ፦ ኳ ኳ የሚለው አንዱ ክንዱ ሞላውን ሲነካ ነው። የአክስሉ ሽፋንም ተሰንጥቋል። አክስሉ በሰፊ ማዕዘን ሲሽከረከር እጥፋቶቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ዛሬውኑ ካልተለወጠ አሸዋ ይገባና አክስሉን ይበላዋል። አዲስ አክስል ከነሽፋኑ ዕቃ መሸጫው ሳይዘጋ ሄደሽ ታመጪያለሽ። አሁን መኪናውን እናንሳ።

እኔ፦ ክሪኩን ከየት በኩል ላስገባ?

ጋሼ፦ ቆይ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ደግፊ። የጎማውን ዳዶ መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጊው፤ አንጠልጥለሽ ብትታገይው መኪናው ይወዛወዛል። ከዚያ ታነሺውና የብረት መቆሚያዎቹን ሻንሲው ስር ታስገቢያለሽ፤ ክንዱ ስር አይደለም፣ ክንዱን እኮ ልንፈታው ነው። ካወረድሽው በኋላ በትከሻሽ ገፋ አድርጊው። የሚወድቅ ከሆነ አንቺ ውጭ እያለሽ ይውደቅ።

እኔ፦ ይሄ ትልቅ ክሪክ እኮ 3 ቶን ያነሳል፤ መኪናው 2 ቶን አይሞላም።

ጋሼ፦ ማንሳቱን ያነሳል። መያዝ ግን ሌላ ነው። በክሪክ ውስጥ ያለው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የምትይዘው ደግሞ ጣት የማታህል የላስቲክ ቀለበት ናት። ወጣት ሳለሁ አንድ የሥራ ጓደኛዬ «አንድ ቡሎን ብቻ ናት» ብሎ በክሪክ በተያዘ መኪና ስር ገባ። ክሪኩ ቀስ እያለ ወረደ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ በኋላ ቁልፍ አልጨበጠም። እኔ እሱን ካየሁ በኋላ ያለ መቆሚያ ማንም ስር ሲገባ ዝም ብዬ አላይም፤ ልጄም ቢሆን፣ ደንበኛም ቢሆን እጮህበታለሁ።

ጎማዎቹን አወጣን። ጋሼ ማታ ደውለው ዝገት ማላቀቂያ ቡሎኖቹ ላይ እንድረጭ አዝዘውኝ ስለነበር አብዛኞቹ ሳያስቸግሩ ተፈቱ። ቴስቲናው ግን ዳዶው ወጥቶም አልላቀቅ አለ። መዶሻ አንስቼ የቴስቲናውን ጫፍ ልመታ ስል እጄን ያዙኝ።

ጋሼ፦ ጥርሱን ታበላሺዋለሽ። የሚመታው የገባበት ብረት ነው፣ ከጎኑ። ሾጣጣ ሆኖ ነው የገባው፤ ዙሪያው ሲደነግጥ ለቅቆ ይወጣል። አንድ ሁለቴ ጠንከር አድርጊ።

በሦስተኛው ምት «ጧ» ብሎ ወረደ።

እኔ፦ ሾክ አብዞርበሩን ከላይ የያዙት 3 ዳዶዎች ናቸው፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ አለ። እሱንም ልፍታ?

ጋሼ፦ እሱን እንዳትነኪ! ሦስቱን ብቻ ፍቺ። የመሃሉ ዳዶ ነው ሞላውን ጨምቆ የያዘው። በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ጉልበት እዚያ ውስጥ ታምቆ ተቀምጧል። ስትፈቺው እንደ ጥይት ይወጣል፤ ፊትሽ ደግሞ በላዩ ላይ ነው። ተገጣጥሞ የተሸጠ መግዛትሽ ትልቅ ብልህነት ነው። ሞላ መለወጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ደህና መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ይውሰደው። ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር መሥራት ጀግንነት አይደለም።

የታችኛው ክንድ ቡሎኖች ራስ ላይ ከመሃላቸው ያፈነገጡ ክብ ሳህኖች አሉ። የጎማው አቋቋም የሚስተካከለው በእነሱ ነው። ጋሼ ከመፍታታችን በፊት በነጭ ቀለም አሰመሩባቸው፤ አዲሱን ስንገጥም እዚያው መስመር ላይ ከመለስነው እስከ አላይመንት ቤት ድረስ መንዳት ይቻላል። የቀኙ የኋላ ቡሎን ግን ቦኮላው ውስጥ ካለው ቧንቧ ጋር በዝገት አንድ ሆኖ ነበር። የኮሎራዶ መንገዶች በክረምት በረዶ ማቅለጫ ማግኒዚየም ክሎራይድ ይረጭባቸዋል፤ መኪናው ስር የገባው እሱ ነው። ከ1 ሰዓት ትግል በኋላ ቡሎኑን በመጋዝ ቆርጠን አወጣነው። እንዲህ ያለውን ቡሎን መልሶ መግጠም አይገባም፤ አዲስ ገዛን። ጋሼ የተቆረጠውን ቦኮላ አንስተው መዳፌ ላይ አኖሩት።

ጋሼ፦ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ። ምን ይታይሻል?

እኔ፦ ውጪው ብረት፣ ውስጡ የብረት ቧንቧ፣ መሃሉ ላስቲክ። ላስቲኩ በአንድ ጎን ተተርትሯል።

ጋሼ፦ በአንድ ጎን ብቻ። ለምን? ብዙ ሰው ክንዱ ቡሎኑ ላይ እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር ይመስለዋል። አይሽከረከርም። ላስቲኩ ከውስጡም ከውጪውም ብረት ጋር ተጣብቋል። ቡሎኑን ስታጠብቂ የውስጡ ቧንቧ ከሻንሲው ጋር ይያዛል። ክንዱ በወጣና በወረደ ቁጥር የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። ክንድሽን ስጪኝ።

የሹራቤን እጅጌ አንጓዬ ላይ ጨምቀው ያዙ።

ጋሼ፦ ግራና ቀኝ አዙሪ።

እጄ በሁለቱም በኩል እኩል ዞረ። ለቀው፣ እጄን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አስዙረው እንደገና ያዙ።

ጋሼ፦ አሁን ወደ ቀኝ አዙሪ።

ግማሽ ሳልዞር እጅጌው ተወጠረ፤ ስፌቱ ሊተረተር ደረሰ።

ጋሼ፦ ጎማው ተንጠልጥሎ ክንዱ ቁልቁል ወርዶ ሳለ ቡሎኑን ካጠበቅሽው ላስቲኩ ያንን «ቤቴ ነው» ብሎ ይይዛል። መኪናው ሲወርድ ክንዱ ይነሳል፣ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞም ተጠምዝዞ፣ ሲሄድም ተጠምዝዞ። ጉብታ ሲመጣ የሚጨምረው አቅም የለውም፣ ይቀደዳል። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው መኪና ነው። አንድ ሰው አዲስ ቦኮላ አዲስ አበባ ካለው ሶማሌ ተራ ገዝቶ አመጣልኝ፤ ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቄ ሰጠሁት። በ3ኛው ወር ተመለሰ። ዕቃው ሐሰተኛ ነው አልኩት። ሌላ ገዛ፣ ሌላ ገጠምኩ፣ እሱም ተቀደደ። ያላጠፋውን ሰውዬ ሁለቴ ነው ያስከፈልኩት። በኋላ አንድ አሮጌ መካኒክ እንዲህ በእጅጌዬ አሳየኝ። ሰውየውን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ፦ ታዲያ መች ነው የማጠብቀው?

ጋሼ፦ ቦኮላ ውስጥ የሚያልፉትን ቡሎኖች አሁን በእጅ ብቻ ታስይዣቸዋለሽ። መገጣጠሚያዎቹን፣ ቴስቲናውን፣ ከላይ ያሉትን ሦስቱን አሁን ማጥበቅ ትችያለሽ፤ እነሱ ላስቲክ አይጠመዝዙም። ከዚያ ጎማ ገጥመሽ ታወርጂዋለሽ። ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ አድርገሽ ክብደቱ እንዲረጋ። በመጨረሻ ጎማዎቹ መሬት ላይ ቆመው ስር ገብተሽ በቶርክ ሬንች በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ልክ ታጠብቂያለሽ። ከፍ ያለ መኪና እዚህ ላይ ብቻ ይጠቅማል፤ ስሩ ሰፊ ነው። ደግሞ ያዘዝሽው የላይኛው ክንድ ቦኮላ ላስቲክ አይደለም፣ ፖሊዩሬቴን ነው። እሱ ይሽከረከራል፤ የሚፈልገው ቅባት ነው።

አክስሉን ገዝቼ ስመለስ ጋሼ ከኋላ በኩል ተንበርክከው ባሌስትራውን በባትሪ ሲያዩ አገኘኋቸው።

እኔ፦ ከኋላ የሚያስፈራ ነገር አለ እንዴ?

ጋሼ፦ በዚህ ሞዴል ላይ አንድ የሚታወቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቶዮታ ከ2005 እስከ 2011 ሞዴል የሆኑ ወደ 690,000 ታኮማዎችን ለጥገና መልሶ ጠርቷል፤ የባሌስትራው ቅጠል በጫናና በዝገት ሊሰነጠቅ ይችላል ተብሎ። የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ ያልተሠራ ጥሪ እንዳለ እዪ፤ ነፃ ነው። ያንቺ ግን አዲስ ይመስላል፣ ተለውጧል። እኔን ያሳሰበኝ ከስሩ የገባው ብሎክ ነው። አገር ቤት ባሌስትራ ላይ ቅጠል የምንጨምረው ለጭነት ነበር፤ ጤፍ ለሚጭን፣ እንጨት ለሚጭን። እዚህ ለቁመት ብሎክ ያስገቡበታል። ከኋላ በልኩ ከሆነ ይቻላል። ከፊት ባሌስትራ ያለው መኪና ላይ ግን በፍጹም አይገባም፤ ፍሬን ስትይዢ ሊወጣ ይችላል።

እኔ፦ ባሌስትራ የሚለውን ቃል እንኳ ከእርስዎ ነው የተማርኩት። እዚህ ሊፍ ስፕሪንግ ነው የሚሉት።

ጋሼ፦ ጣልያንኛ ነው፤ ቀስት መወርወሪያ ማለትም ነው አሉ። ዳዶም ከነሱ ነው፣ ለጨዋታ የሚጣለው ዳይስ ማለትም ነው። ጋራዥ ውስጥ ያደግንበት ቋንቋ ነው፤ ያንቺን እንግሊዝኛ እኔ፣ የኔን ጣልያንኛ አንቺ እንማራለን። አሁን እነዚህን ዩ ቅርጽ ያላቸውን ቡሎኖች ተመልከቺ። ባሌስትራውንና ብሎኩን ከአክስሉ ጋር ያሰሩት እነሱ ናቸው። የቀድሞው ሰው አሮጌዎቹን መልሶ ነው ያጠበቀው፤ ጥርሳቸው ተበልቷል። አንዴ በሙሉ ጉልበት የጠበቀ ተለጥጧል፣ ተመልሶ በልኩ አይዝም። 4 አዲስ ከነዳዶና ሮንዴላቸው ታዢያለሽ። እስከዚያ ተራራ እንዳትወጪ፤ ጭነትም አትጫኚ።

አመሻሽ ላይ መኪናውን አወረድን። የታችኛውን ክንድ ቡሎኖች ስሩ ተኝቼ አንድ በአንድ አጠበቅኳቸው፤ ጋሼ ከውጭ ሆነው የቶርክ ሬንቹን «ቀጭ» ሲሰሙ «አንድ»፣ «ሁለት» እያሉ ቆጠሩልኝ። ከዚያ በሜትር ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን ለካን። ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲ አይሞላም።

እኔ፦ ሰኞ አላይመንት ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ ልንዳው?

ጋሼ፦ ቤትሽና ሥራሽ ብቻ፣ ቀስ እያልሽ። ለአላይመንቱ ሰው ከፍ የተደረገ መሆኑንና አዲሱ ክንድ መግባቱን ንገሪው፤ ካስተሩን ከነቁጥሩ በወረቀት ይስጥሽ። የኋላዎቹ ቡሎኖች ሲመጡ በሳምንቱ ቅዳሜ እንገጥማቸዋለን። 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ ደግሞ ትመለሻለሽ፤ የቡሎኖቹን ሁሉ ጥብቀት እንደገና እንፈትሻለን። ያቺን የተቆረጠች ቦኮላ አትጣያት፣ እዚያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪልኝ።