ሰው የሌለው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። በዚህ ዕለት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን፣ 38 ዓመት ሙሉ በደዌ የማቀቀውን ሰው ታሳስበናለች።

በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል፣ አምስት መመላለሻ ያላት መጠመቂያ ነበረች። መልአክ ወርዶ ውኃውን ሲያናውጠው ቀድሞ የገባው ይድናል። ስለዚህ ቦታው የሕሙማን መሰብሰቢያ ብቻ ሳይሆን የሽሚያም ቦታ ነበር። ጉልበት ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ ደግፎ የሚያወርደው ያለው ይቀድማል። መፃጉዕ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም።

ጌታችን ወደ እርሱ ቀርቦ ሊድን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ለዚህ ጥያቄ መልሱ «አዎን» የሚል አንድ ቃል ነበር። በሽተኛው ግን «አዎን» አላለም። ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ እርሱ እስኪደርስ ሌላው እየቀደመው እንደሚቀር ነው የተናገረው። የመለሰው ለተጠየቀው ሳይሆን ለሚያመው ነገር ነው። እኛ ብንሆን «የጠየቅሁህ ሌላ፣ የምትመልሰው ሌላ! ደግሞ ማማረር!» ብለን ትተነው እንሄድ ነበር። ጌታችን ግን አነጋገሩን አላረመም፤ ከምሬቱ ውስጥ ልመናውን ሰምቶ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ አዘዘው።

ይሄ ነገር በየቤታችን በየቀኑ የሚሆን ነው። ባል አምሽቶ ሲገባ ሚስት «ምነው ቆየህ?» ትለዋለች። እሱ «አርፌ ልግባበት! እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?» ብሎ ይጮኻል። እሷ የጠየቀችው ስለ ሰዓቱ ነው፤ እሱ የመለሰው ግን ቀኑን ሙሉ አለቃው በሰው ፊት ሲያዋርደው ስለ ዋለው ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ አንገቷን ደፍታ ያለፈችንን ጎረቤት «ኮርታብናለች» እንላለን፤ ምናልባት የእቁቡን ገንዘብ አጥታ ዐይናችንን ማየት አፍራ ይሆናል። ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ወርውሮ በር የሚዘጋውን ልጅ «ጥጋበኛ» እንለዋለን። በጾም ወራት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ጠባዩ የሚለወጥ ሰው አለ። ጾም ከቁጣ ጋር ዋጋ እንደሌለው መምህራን ሁልጊዜ ያስተምሩናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያንን ትምህርት ለራሳችን ይዘን፣ ለሚቆጣው ወንድማችን ራቡንና ድካሙን ብናስብለት ይሻላል። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

ካህኑ ዔሊ እንኳን በዚህ ተፈትኗል። ሐና በመቅደሱ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ አይቶ የሰከረች መሰለችውና ገሠጻት (1ኛ ሳሙ. 1፥9-18)። ያየው ነገር እውነት ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። የተሳሳተው ፍቺው ላይ ነው። የዔሊ መልካምነቱ ግን ልቧ ያዘነ ሴት መሆኗን ስትነግረው «እኔ ካህን ነኝ፣ ያልሁት ይጽና» አላለም፤ ሰማት፣ ወዲያውም መርቆ በሰላም ሸኛት።

ወደ መፃጉዕ እንመለስ። 38 ዓመት የተኛ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ያዩት አይሁድ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አላሉትም። ዕለቱ ሰንበት ነበርና በሰንበት አልጋ መሸከም እንዳልተፈቀደለት ነገሩት፤ ተሸከም ያለውም ማን እንደ ሆነ መረመሩት። ዐይናቸው ያረፈው ሰውየው ላይ ሳይሆን አልጋው ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ስንቶቹ እኅቶቻችን በየሰፈራቸው የተቀበላቸው ጥያቄ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ነበር። ሻንጣዋን እንጂ እሷን ያላየ ዘመድ፣ ሌሊት ለምን እንደምትባንን፣ ሰው መሀል መቀመጥ ለምን እንደጠላች ከየት ያውቃል?

እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመን የብዙዎቻችን ችግር «ምን ልበለው?» የሚለው ነው። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ከእርሱ ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተናገሩም ነበር (ኢዮ. 2፥11-13)። የበደሉት አፋቸውን ከፍተው «ኃጢአት ብትሠራ ነው» እያሉ ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። እንግዲህ ቡና አፍልቶ አብሮ መቀመጥ፣ «እንዴት አደርሽ?» ብሎ እውነተኛውን መልስ እስክትናገር መታገሥ ትንሽ አገልግሎት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ መኖር አስጠላኝ የሚል ሰው ካለ ግን ብቻውን አይተው። ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም እጁን ይዞ የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጉደል የሚመስላቸው አሉ፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ግን ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል።

«ታዲያ የሰውን ድካም እየተረዳን ኃጢአቱን ዝም እንበል?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጌታችን መፃጉዕን ዳግመኛ እንዳይበድል፣ የባሰ እንዳያገኘው አስጠንቅቆታል (ዮሐ. 5፥14)። ነገር ግን መቼና የት ነው ያስጠነቀቀው? በአልጋው ላይ ሳለ በሕዝብ መካከል አይደለም። ካዳነው በኋላ፣ በመቅደስ አግኝቶት ነው። እኛ ግን ተግሣጹን አስቀድመን፣ እርዳታውን «ከተመለሰ» ለሚባል ቀን እናቆየዋለን።

«ውለታ ለማያውቅ ሰው ምን አደከመኝ?» የሚልም አይጠፋም። ይህ ሰው ከዳነ በኋላ ሄዶ ያዳነው ኢየሱስ መሆኑን ለአይሁድ ነገራቸው፤ እነርሱም ጌታን ያሳድዱት ጀመር። ከዚያም አልፎ አባቶቻችን ሲያስተምሩ፣ በዕለተ ዐርብ ጌታችንን በጥፊ የመታው ይኸው መፃጉዕ ነው ይላሉ። ጌታችን ያቺ እጅ ወደ ፊት የምታደርገውን እያወቀ፣ በዚያች ሰንበት አልጋ እስክትሸከም ድረስ አበረታት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።