ታኖሊዎች እነማን ናቸው?
የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘዳግም 26፥1-11፤ ሉቃስ 10፥25-37፤ የሐዋርያት ሥራ 17፥24-28

የተፈናቀለውን ለመርዳት ስንነሣ አስቀድመን የምንይዘው መዝገብና ብዕር ነው። ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ መንደር፣ ነገድ እያልን እንጽፋለን። «ነገድ» የምትለው መስመር ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን በእርስዋ ላይ የምንጽፈው ቃል ሰውን ሊያስከብር ወይም ሊያሳዝን ይችላል። ስለዚህ በሰሜን ፓኪስታን የሚኖሩትን ታኖሊዎች እንመልከት።

1. ስፍራቸውና ቋንቋቸው
ታኖሊዎች የሚኖሩት በሐዛራ ምድር፣ ከኢንዱስ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ባለው ታናዋል በሚባል ተራራማ አገር ነው። በአፍጋኒስታን ያሉት ሐዛራዎች ግን ሌላ ሕዝብ ናቸው። ታኖሊዎች እስላሞች ሲሆኑ አብዛኞቹ ሂንድኮ ይናገራሉ። ሂንድኮ የፑንጃብኛ ዘመድ ነው፤ ከፓሽቱኖች ቋንቋ ከፓሽቶ ይለያል።

2. አመጣጣቸው
አንዳንዶቹ የዘር ሐረጋቸውን ቲሙር ከወጣበት ከባርላስ ወገን ይቈጥራሉ። ሌሎች ደግሞ ከጊልጂ ፓሽቱኖች ወጣን ይላሉ። ከሕንድ ምድር ነባር ሕዝብ ጋር ያዛመዷቸው ጸሐፊዎችም አሉ። ከኢንዱስ ማዶ፣ ከማሃባን ተራራ አካባቢ ተገፍተው መሻገራቸው በትውፊታቸው ይነገራል።

ታዲያ ቋንቋቸው ነገሩን አይቈርጥምን? አይቈርጥም። ጎረቤቶቻቸውን ጃዱኖችን እንመልከት። በአቦታባድ ያሉት ሂንድኮ፣ ከወንዙ ማዶ በጋዱን ያሉት ፓሽቶ ይናገራሉ፤ ነገዱ ግን አንድ ነው። ሰው የጎረቤቱን ቋንቋ ይለምዳል፤ የአባቶቹን ስም ግን ይዞ ይኖራል።

3. የደረሰባቸው
የአምብ ገዥዎች ታኖሊዎች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሚር ፓይንዳ ኻን ከሲኮች ጋር ብዙ ተዋግቷል። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1969 በፓኪስታን አስተዳደር ተጠቃለለ። ቀጥሎ የታርቤላ ግድብ በ1976 ሲፈጸም የቀድሞው የዳርባንድ ከተማ በውኃ ተዋጠ፤ ከሸለቆው ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ተነሡ። ጥቅምት 8 ቀን 2005 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ የሐዛራን ምድር ክፉኛ መታ። በ2010 የክፍለ ሀገሩ ስም ወደ ኸይበር ፓኽቱንኽዋ ሲለወጥ፣ ስሙ እኛን አይጨምርም ያሉ የሐዛራ ሰዎች በአቦታባድ ተቃወሙ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ።

እርሻው በውኃ ለተሸፈነበት፣ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው የአባቶቹ ስም የቀረለት ርስት ነው።

4. ለእኛ የሚሆን ትምህርት
በዘዳግም 26 እስራኤላዊው በኵራቱን ሲያቀርብ የአባቱን መንከራተት ይናገራል፤ በደስታው ግን መጻተኛውም ይካፈላል። በሉቃስ 10 ደግሞ አይሁድ በሳምራውያን ትውልድ ላይ ይከራከሩ ነበር፤ ጌታችን ግን ክርክሩን ሳይፈርድ ምሕረት ያደረገውን አሳየን።

ስለዚህ ሰው ስለ ራሱ የተናገረውን እንጻፍ፤ እኛ ዳኛ አንሁን። በሕዝብ ፊት የማንንም ትውልድ አንመርምር። እህሉንም በችግሩ መጠን እንጂ በነገዱ አንስፈር።

ለውይይት
ሀ. በሥራችን «ነገድ» ብለን የምንጠይቀው ለምንድን ነው? ይጠቅማልን?
ለ. በመካከላችን በትውልዱ የሚናቅ ሰው አለን? ምን እናድርግለት?

ሕዝብን ሁሉ ከአንድ የፈጠረ አምላክ ዓይናችንን ይክፈትልን።