ፀሐይ ሳይጠልቅ የሚከፈል ሒሳብ



ስለ ድሆች ስንማር ሐሳባችን ፈጥኖ የሚሄደው በደጀ ሰላም ወደ ተቀመጡት ነዳያን ነው። እነርሱን መመጽወት መልካም ነው። ይሁን እንጂ ምጽዋትና ፍትሕ አንድ አይደሉም። ምጽዋት ከእኛ ከሆነው እንሰጣለን፤ ፍትሕ ግን የሰውን ገንዘብ ለባለቤቱ መመለስ ነው። በሸዋ ሮቢት ይህ ልዩነት የሚታየው በማሾ ማሳ ውስጥ ነው።

ማሾ በክረምት ተዘርቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይደርሳል። ፍሬው እኩል ስለማይበስል በእጅ ይለቀማል፤ ብዙ ሰውም ይፈልጋል። መሬት የሌላቸው ወይም ያነሳቸው ወጣቶች ከመንዝና ከጣርማ በር ደጋ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳሉ። ወቅቱ ደግሞ የወባ ወቅት ነው፤ የደጋ ሰው ለወባ እንግዳ ነው። እንግዲህ አንዱ ሦስት ቀን ለቅሞ በአራተኛው ቢተኛ፣ የሦስቱ ቀን ሒሳብ የማን ነው? «ሥራውን አልጨረስክም» ተብሎ የሚቀርበት አለ። ማሾው እስኪሸጥ ዛሬ ነገ የሚባልም አለ። ማሾው ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል፤ ለቃሚው ግን የመሳፈሪያ አጥቶ መናኸሪያ ያድራል።

ኦሪት ዘዳግም 24፥14-15 የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲቀበል ያዝዛል። ስለ ምን ፀሐይ ሳይጠልቅ? የዚያች ሌሊት እራት በእርሷ ውስጥ ስላለች ነው። ሕጉ ወገንንና መጻተኛን አይለይም፤ ስለዚህ ለቃሚው የመንዝ ክርስቲያን ቢሆን የአርጎባ እስላም፣ ሒሳቡ አንድ ነው። ያዕቆብ 5፥4 ላይ ደግሞ ልብ እንበል፤ የሚጮኸው ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ የተቀማው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል።

«ይህ ፖለቲካ ነው» የሚል ከመካከላችን አይጠፋም። ቅዱስ ባስልዮስ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ368 ዓ.ም. ገደማ ቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ በተራበች ጊዜ፣ በሉቃስ 12 ስላለው ባለ ጎተራ ሀብታም ሲሰብክ እህል የቆለፉትን ፊት ለፊት ገሠጸ። ስብከት ብቻም አልነበረም፤ ለተራቡት ምግብ አሰናዳ፤ በኋላም ከከተማይቱ ውጭ የድሆችና የሕሙማን ማረፊያ አቋቋመ።

የራሳችንንም ታሪክ አንሸሽግ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ጭሰኛ ሲሶ ወይም እኩሌታ ሲገብር፣ ቤተ ክርስቲያንም ከባለመሬቶቹ አንዷ ነበረች። በዚያ ዓመት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን አስቀረ፤ በቅጥር ጉልበት ማሳረስንም በአመዛኙ ከለከለ። ያ ክልከላ ዛሬ የለም። ሰው መቅጠር ኃጢአት አይደለም፤ የሩት ባል ቦዔዝም አጫጆች ነበሩት። እርሱ ግን አጫጆቹን ሰላም ብሎ ወደ እርሻው ይገባ ነበር፤ ለሞዓባዊቷም ቃርሚያ አስቀረላት።

ወላጆቻችን ማሾ ወይም ሽንኩርት ያላቸው ጥቂቶች አይደለንም። ለመጪው ጉባኤ ከየቤታችን ሁለት ነገር ጠይቀን እንምጣ፤ ዘንድሮ ማን ለቀመልን? ሒሳቡንስ በዕለቱ ወሰደ? ሳይወስድ የሄደ ካለ ስሙንና ቀበሌውን በወረቀት እንያዝ። ወደ ደጋ የሚመለስ ሰው ስለማይጠፋ ገንዘቡን መላክ ይቻላል።