የሶፍትዌር መስፈርትን በምን መለኪያ እንከፋፍል? የአንድ የቀጠሮ ሥርዓት ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

ውስብስብ የሶፍትዌር መስፈርትን ወደ ትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል ዘወትር የሚመከር ስልት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የስልቱ ፋይዳ በመከፋፈያው መለኪያ ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚከተል የጤና ጣቢያ የቀጠሮ ሥርዓትን በማሳያነት ወስዶ ያስረዳል።

መግቢያ

ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት አንድን የማውጫ አዘጋጅ ፕሮግራም በሁለት መንገድ ከፋፍሎ አነጻጽሯል። የመጀመሪያው ክፍፍል የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተላል፤ ሁለተኛው ወደፊት ሊለወጥ የሚችለውን እያንዳንዱን የንድፍ ውሳኔ በአንድ ሞጁል ውስጥ ይሰውራል። የሁለቱ ውጤት አንድ ቢሆንም፣ ለውጥ ሲመጣ የሚነኩት ክፍሎች ብዛት እጅግ ይለያያል። ሐሳቡ የተሰነዘረው ስለ ንድፍ ነው፤ ለመስፈርት ትንተና ግን ከዚያ ያላነሰ ጥቅም አለው።

ማሳያው

መነሻው መስፈርት እንዲህ ይነበባል እንበል፦ «የ30 ቀን መድኃኒት ለተሰጠው ታካሚ ሥርዓቱ የአንድ ወር ቀጠሮ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይመዝግብ፤ ቀኑ ሲቃረብም ያስታውስ።»

በሥራ ቅደም ተከተል ሲከፈል አራት ክፍሎች ይገኛሉ፦ መቀበል፣ ማስቀመጥ፣ ማሳየትና ማስታወስ። ክፍፍሉ የተስተካከለ ቢመስልም የጳጉሜን ሕግ በአራቱም ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። «አንድ ወር» ምን ማለት እንደ ሆነ የመጠየቅ ኃላፊነት ያለበት ክፍልም የለም።

በውሳኔ ሲከፈል ግን የሚከተሉት ይገኛሉ፦

1. የቀን አቀማመጥ፦ እያንዳንዱ ቀን በሥርዓቱ ውስጥ በተከታታይ ቁጥር ይቀመጣል።
2. የዘመን ልወጣ፦ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን አላት። ለፈተሻ ያህል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጋር መግጠም አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ግን ውድቅ ይደረጋል።
3. የሰዓት አነባበብ፦ «2 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው በሀገሬው አቆጣጠር የጠዋቱ ነው ወይስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የከሰዓት በኋላው?
4. የቀጠሮ ርቀት፦ «አንድ ወር» 30 ቀን ነው ወይስ የቀጣዩ ወር ተመሳሳይ ቀን?

ውይይት

አራተኛው ክፍል የታካሚውን ጤና በቀጥታ ይነካል። ነሐሴ 10 ቀን መድኃኒት የወሰደ ታካሚ 30 ቀን የሚሞላው መስከረም 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መስከረም 4 ቀን ነው። ፕሮግራሙ የወሩን ቁጥር በአንድ ቢጨምር ጳጉሜን 10 የሚል የሌለ ቀን ያገኛል። ጳጉሜንን ዘልሎ መስከረም 10 ቢል ደግሞ ታካሚው 5 ወይም 6 ቀን ያለ መድኃኒት ይቆያል። ይህን ጥያቄ መመለስ የሚገባው የሕክምና ባለሙያው ነው፤ ጥያቄው ራሱን ችሎ ካልወጣ ግን ኮድ ጸሐፊው ሳያውቀው ይመልሰዋል።

ክፍፍል የራሱ ዋጋ አለው። ክፍሎች በበዙ ቁጥር መገናኛዎቻቸውም ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የማርስ ክላይሜት ኦርቢተር መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ኃይል-ሴኮንድ ያወጣውን ቁጥር ሌላው በኒውተን-ሴኮንድ እንደ ተሰጠው አድርጎ በመቀበሉ ነበር። ስለዚህ በክፍሎች መካከል የሚተላለፈው መረጃ መለኪያና ትርጉም ራሱን የቻለ መስፈርት ሆኖ መጻፍ አለበት።

ማጠቃለያ

መከፋፈሉ የት ይቁም ለሚለው ጥያቄ ሁለት መመዘኛዎች ቀርበዋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል መልስ የመስጠት ሥልጣን ያለው አንድ ባለቤት ይኑረው። ሁለተኛ፣ መሟላቱን ወይም አለመሟላቱን የሚያሳይ ፈተሻ ይጻፍለት። ሁለቱ ከተሟሉ ከዚያ በላይ መከፋፈል መገናኛ ከማብዛት ያለፈ ትርፍ የለውም፤ አንዱ ከጎደለ ግን መስፈርቱ ገና አልተተነተነም።